አይጠየፍ፦ ሰባት ቀን በደሴና በኮምቦልቻ

ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ደብተሬ ላይ የጫጫርኩት ሳይደበዝዝብኝ በየቀኑ ላስፍረው።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። የምሠራው በአንዲት የቆላ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ እቅድ ክፍል ውስጥ ነው። ዘንድሮ የከተማዋን የዑደታዊ ኢኮኖሚ እቅድ እንዳረቅቅ ተሰጠኝ። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ዕቃ አገልግሎ ከመጣል ይልቅ ይጠገናል፣ ይሸጣል፣ ይቀልጣል፣ ወይ በስብሶ ወደ መሬት ይመለሳል። ረቂቁን ጀምሬ አልገፋ አለኝ። ሦስት ገጽ ሙሉ የጻፍኩት ስለ ማሽን ነበር። የዓመት ፈቃዴን ሞላሁና ደሴ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን የማሳልፈው እዚያ ነው፤ አገሩን አውቀዋለሁ፣ ቢያንስ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ

ከቦሌ ኮምቦልቻ በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ኮምቦልቻ ስወርድ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። ከመናኸሪያ ዶልፊን ያዝኩ። 80 ብር ለኔ፣ 50 ብር ለሻንጣዬ። ከረዳቱ ጋር ትንሽ ተከራከርኩ፤ ሻንጣው የአንድ ሰው ቦታ መያዙን ሳይ ግን ከፈልኩ።

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ግን ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል፤ ሽቅቡ ሁሉ ሐረጎ የሚባለው ዳገት ላይ ተጠምዝዞ ይጠብቃችኋል። እዚያው ሐረጎ መሀል ሞተሩ ጋለና ቆምን። ሹፌሩ ምንም አልመሰለው። ረዳቱ ከወንበር ሥር ቢጫ የዘይት ጀሪካን አወጣ። አፉ ተቆርጦ ሰፍቷል፣ መያዣው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ከመንገድ ዳር ውሃ ሞልቶ መጣና ሞተሩ እስኪበርድ አብረን ጠበቅን።

"ይቺ ጀሪካን ስንት ጊዜዋ ነው?" አልኩት።

"መኪናውን ስንገዛው አብራ ነበረች።"

ግማሽ ሰዓት ቆምን። ቁልቁል ሳይ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ጣሪያ ያብረቀርቃል። ሽቅብ ሳይ ደሴ በኩል ሰማዩ ጢስ ብቻ ነው። እሳት የተነሳ መስሎኝ ደነገጥኩ። አጠገቤ የቆሙ እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝና "አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ኅዳር ሲታጠን ነው እኮ" አሉኝ። ቀኑን ጭራሽ ረስቼው ነበር።

የአክስቴ ሰፈር ስደርስ በየደጁ ቆሻሻ ተቆልሎ ይጨሳል። ይህ ልማድ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ነው የሚያያዘው። ያን ጊዜ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ እኛም አገር ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። ሰው ግቢውን ጠርጎ፣ ጥራጊውን አቃጥሎ በሽታውን በጢስ ሊያባርር ሞከረ። ልማዱም ቀረ። ልማዱን አከብረዋለሁ፤ አንድ ከተማ በአንድ ቀን ሙሉ ግቢውን እንዲጠርግ ማድረግ የትኛውም ማዘጋጃ ቤት በቀላሉ የማይችለው ነገር ነው። ችግሩ የሚቃጠለው መቀየሩ ነው። የጎረቤት አዛውንት "በኛ ጊዜ ቅጠልና ገለባ ነበር፤ አሁን ጢሱ ጉሮሮ ይቆርጣል" አሉኝ። ልክ ናቸው። ከቅጠሉ ይልቅ ፌስታል ይበዛል፤ የፕላስቲክ ጢስ ደግሞ በሽታ ያመጣል እንጂ አያባርርም።

አክስቴ የራሷን ቁልል ልትለኩስ ክብሪት ይዛ ነበር። "ቆይ እስቲ" አልኳት። ከልጇ ጋር ቁጢጥ ብለን ቁልሉን በዱላ በተንነው። ሠላሳ አንድ ሃይላንድ አወጣን፤ ሁለት የተሰበረ ባልዲ፤ የፌስታሉንስ መቁጠር ተውኩት። የቀረው ደረቅ ቅጠልና የበቆሎ ቆረቆንዳ ሆነ። ያንን ለኮሰችው። ጢሱ ነጭ ሆኖ፣ የልጅነቴን ሽታ ይዞ ወጣ። ማታ ሽሮ በቃሪያ በላን። ልብሴ እስከ ነገው ጢስ ጢስ ይል ነበር።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፦ ዳገቱ ላይ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በር ተንኳኳ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሴቶች ናቸው። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ እንኳ እንቀጠቀጣለሁ፣ እነሱ ላብ በላብ ናቸው። በማኅበር ተደራጅተው ነው የሚሠሩት። አስተባባሪዋን አብሬያችሁ ልዙር ብዬ ለመንኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "በዚህ ጫማ?" አለችኝ። ከዚያ ግን እሺ አለች።

ደሴን የማያውቅ ሰው ይህን ሥራ ሊገምተው አይችልም። ከተማዋ በጦሳና በአዝዋ ከፍታዎች መሀል ተሰክታ ያደገች ናት። ብዙ ሰፈር የሚገባው በደረጃና በቀጭን መተላለፊያ ነው፤ መኪና አስፋልት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጆንያው በጀርባ ነው የሚወጣው፣ አለዚያም የሚወርደው። እኔ የምኖርበት ከተማ ሜዳ ነው፤ እጅ ጋሪ እየተገፋ ቤት ለቤት ይኬዳል። በረቂቄ ላይ "ለእያንዳንዱ ቀጠና አንድ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ" ብዬ ጽፌ ነበር፤ የሌላ ከተማ ሰነድ ላይ አይቼ የወሰድኩት ነው። እዚህ ያ ሰነድ ቢመጣ ተሽከርካሪው ደረጃው ሥር ቆሞ ይዝግ ነበር። የየከተማው እቅድ ከመሬቱ አቀማመጥ መጀመር እንዳለበት ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ በጉልበቴ የገባኝ ግን ያን ጠዋት ነው።

አንዱን ጆንያ ሸራ ላይ ዘርግፋ አሳየችኝ። የሙዝ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የደረቀ የእንጀራ ጠርዝ፣ ብዙ አመድ፣ ሁለት ዳይፐር፣ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ የተሰነጠቀ ብርጭቆ፣ ሦስት ሃይላንድ። ሃይላንዱን ለብቻ፣ ካርቶኑን ለብቻ አደረገች። እጇ ሳታየው ነው የሚለየው። "ይህቺ ሴትዮ ሰሞኑን እንግዳ ነበረባት" አለችኝ የቡና አተላውን እያሳየች። ቤቱን ሁሉ በጆንያው ታውቀዋለች።

በዓይን ሲታይ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው። በኛ አገር ከተሞች ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ ዑደቱን ከፕላስቲክ ማሽን መጀመር ከትንሹ ክፍል መጀመር ነው።

ምን ቢደረግላችሁ ትፈልጋላችሁ አልኳት። መኪና ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ ያነሳችው አመዱን ነው። ሰው አመዱን ከልጣጩ ጋር ሲቀላቅለው ጆንያው ይከብዳል፣ ሲረጥብ ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ነው። ለብቻ ቢቀመጥላቸው ግማሹ ድካም ይቀልላል። ከዚያ መለያ ቦታ፤ ሜዳ የሆነ፣ አጥርና ጣሪያ ያለው፣ ውሃ ያለው። በክረምት ካርቶኑ ሲርስ ገዢው ዋጋውን ይጥለዋል። "ቦታው የኛ መሆኑን ካወቅን ደግሞ ሚዛን እንገዛለን" አለችኝ። አሁን የሚመዝንላቸው ገዢው ራሱ ነው። ይቺን ነገር ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት። ሚዛኑ በገዢው እጅ እስካለ ድረስ የኪሎ ዋጋ ቢጨምር እንኳ ለእነሱ አይደርስም።

ሁለተኛው ዙር ላይ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገነጠለ። ሴቶቹ ሳቁ፣ አዘኑልኝም። በአንድ እግሬ እየጎተትኩ ፒያሳ ደርሼ አንድ ሊስትሮ ጋ ተቀመጥኩ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቀዶ፣ በጉጠት ይዞ በመቁረጫው አስተካክሎ፣ ዙሪያውን በወፍራም ክር ሰፋልኝ። አርባ ደቂቃ፣ 60 ብር። ጫማው ከአዲስነቱ ይልቅ አሁን ጠንክሯል። ሊስትሮው ሲሰፋ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛ ከተማ መንገድ በሰፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚነሱት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ጫማ ሰፊው፣ ጃንጥላ ጠጋኙ፣ ራዲዮ ሠሪው። የሚሰጣቸው ምትክ ቦታ ከከተማ ዳር ነው። ሰው 60 ብር ለማስጠገን 100 ብር ባጃጅ አይከፍልም፤ ዕቃውን ይጥለዋል። ይህን በረቂቄ ውስጥ አንድም ቦታ አልጻፍኩትም ነበር። አሁን ጽፌዋለሁ።

ማታ ለአክስቴ ስለ ካሚካትሱ ነገርኳት። ጃፓን ውስጥ፣ እንደ ደሴ ተራራ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ሕዝቧ ከ1,500 አይበልጥም። በፈረንጆች 2003 ላይ ቆሻሻ የሚባል ነገር እንዳይኖረን እንሠራለን ብለው ወሰኑ። የሚበሰብሰውን እያንዳንዱ ቤት ራሱ ያበሰብሳል፣ ማዘጋጃ ቤቱም ለማበስበሻው ዕቃ ድጎማ ያደርጋል። ሌላውን ነዋሪው ራሱ ወደ ማዕከል አምጥቶ ከአርባ በላይ በሆነ ዓይነት ይለያል። አክስቴ አርባውን ስትሰማ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ "እኛ በሦስት እንጀምረው" አለችና ጓዳ ገብታ ሦስት ባልዲ ይዛ መጣች። አንዱን ለአመድ።

ኅዳር 14፣ እሑድ፦ ቅበላ

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። አክስቴ ዶሮ ሠራች። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ከአጎቴ ልጅ ጋር አይጠየፍ አዳራሽን ለማየት ወጣን። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው። ስሙን ለምን እንዳገኘ ሰው ሲያወራ፣ ሀብታም ከድሃ ሳይጠያየፍ አብሮ የሚበላበት ስለሆነ ነው ይላል። ትናንት ከጆንያው ጋር የዋልኩት ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ስሙ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ሠፈሩ ውስጥ ሴቶቹን እጃቸውን ጨብጦ ሰላም የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው ያየሁት።

ከሰዓት ጎረቤታችን ሐጃ መጡ፣ ቡና ተፈላ። ሁለት ፍየል አሏቸው። የዶሮው ቀን ስለሆነ የሽንኩርቱ ልጣጭ ብዙ ነበር፤ እሱን ተዉትና የጎመኑንና የድንቹን ወሰዱ። የጫት ገራባ የሚያመጣላቸው ልጅ ደግሞ አለ፣ ለፍየሎቹ። በምትኩ አክስቴ ለጓሮ ጎመኗ ፍግ ትወስዳለች። ይህን ሲያደርጉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስም አልሰጡትም፣ ሪፖርትም አልጻፉለትም።

ኅዳር 15፣ ሰኞ፦ ሰኞ ገበያና አንድ ቢሮ

ሰኞ ገበያ በጠዋት ነው መግባት። ቲማቲሙ፣ ጎመኑ፣ ቃሪያው ከየወረዳው ይጎርፋል። እኔ ግን የማየው መሬቱን ነበር። እኩለ ቀን ሲሆን ከየመደቡ ሥር የሚቀረው የተረገጠ ጎመንና የበሰበሰ ቲማቲም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአመድና ከዳይፐር ሳይቀላቀል የሚገኝ ነው። ለብስባሽ፣ ማለትም ለተፈጥሮ ማዳበሪያ ሥራ፣ ይህ ወርቅ ነው። ቤት ለቤት መለየትን ሕዝቡ እስኪለምድ ዓመታት ይፈጃል፤ ገበያው ግን ከነገ ጀምሮ ይቻላል። አንድ ከተማ ከየት ልጀምር ካለ፣ እኔ ከገበያው በሉ እላለሁ።

ወደ ዳር ያለው ረድፍ የሠሪዎቹ ነው። ከጎማ በረባሶ የሚቆርጡ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ የሚቀጠቅጡ። በረባሶ ጠየቅኩ፤ 250 ብር። ለአጎቴ ልጅ ገዛሁለት። ነጋዴው "አምስት ዓመት ካልሄደልህ መልስልኝ" አለው። ቁራሌው ዕቃ የሚያራግፍበት ግቢ ደግሞ ከገበያው ብዙም አይርቅም። ሃይላንድ በኪሎ 25 ብር ይገዛሉ። የአክስቴን ሠላሳ አንድ ሃይላንድ ይዤ ነበር፤ ኪሎ አልሞላም። አንድ ኪሎ ለመሙላት ስንት ጠርሙስ ማጎንበስ እንደሚያስፈልግ ያኔ ነው የገባኝ።

ከሰዓት በኋላ በአንድ የምታውቀኝ ልጅ በኩል የሚመለከተው ቢሮ ገባሁ። የተቀበለኝ ባለሙያ ጊዜውን ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። ጾም ስለሆነ ሻይና ዳቦ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ሥራ ስለምንሠራ ወዲያው ተግባባን።

እኔ የራሴን ነገርኩት። የኛ ከተማ ከጥቂት ዓመት በፊት የፕላስቲክ መፍጫ ማሽን ገዛች። ስንት ፕላስቲክ በቀን እንደሚወጣ የቆጠረ ሰው አልነበረም። ማን ሰብስቦ እንደሚያመጣው አልታሰበም። ማሽኑ የሚፈልገው የኤሌክትሪክ መስመርም መጋዘኑ ጋ አልደረሰም። እስከዛሬ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ባለፍኩ ቁጥር ያመኛል፤ በዚያ ገንዘብ ስንት ሼድ ይሠራ ነበር።

እሱ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ስለ ሕጉ አወራን። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ለከተሞች ብዙ ነገር ሰጥቶ ነበር። የደረቅ ቆሻሻ እቅድ የማውጣት ኃላፊነት የከተማ አስተዳደሩ ነበር። እያንዳንዱ አባወራ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን እንዲለይም ያዝ ነበር። ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታልንም ያኔ ነው የከለከለው። በ2017 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሕጉ አለ። ግን አባወራው ለይቶ ሲጨርስ፣ ሰብሳቢዋ ሁለቱንም ባልዲ አንድ ጆንያ ውስጥ ከገለበጠች ያ ቤት ሁለተኛ አይለይም። ሰብሳቢዋ ደግሞ የምትለይበት ቦታ ከሌላት ምን ታድርግ? ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከታች ወደ ላይ ነው፤ ገዢው ይፈለግ፣ ቦታው ይዘጋጅ፣ ከዚያ ለሕዝቡ ለዩ ይባል። እኛ ሁልጊዜ በሠርቶ ማሳያና በባነር ነው የምንጀምረው።

ባለሙያው አንድ የሚያስጨንቀውን ነገረኝ። መሬት። ለመለያና ለማበስበሻ የሚሆን ሜዳ ደሴ ውስጥ ብርቅ ነው፤ ሜዳ የሆነው ሁሉ ለሌላ ነገር ይፈለጋል። የከተማ ፕላን ሲሠራ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ቦታ እንደሚከለል ሁሉ ለዚህም በካርታው ላይ ካልተከለለ፣ በኋላ ልመና ነው የሚሆነው። ይህን የምጽፈው ለራሴም ነው። የኛ ከተማ ፕላን ሊከለስ ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ፦ ብስባሹ

በገራዶ በኩል ብስባሽ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ ተብዬ ሄድኩ። ባጃጁ 150 ብር ጠየቀኝ፣ በ120 ተስማማን። የመጨረሻው ግማሽ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ስለሆነ ልጁ ቆመ። በእግሬ ገባሁ።

ስድስት ናቸው። የትናንቱ የገበያ ጥራጊ በአይሱዙ መጥቶ ወርዷል። ከጭድና ከደረቅ ቅጠል ጋር በድርብርብ ይከምሩታል፤ እርጥቡ ብቻውን ከሆነ ይገማል፣ ደረቁ ብቻውን ከሆነ አይበሰብስም። አንዱ ልጅ አካፋውን ወግቶ ክምሩን ከፈተልኝ። እንፋሎት ወጣ። "እጅሽን አስገቢ" አለኝ። አስገባሁ፤ ከክርኔ ሳይደርስ ጎትቼ አወጣሁት፣ ያቃጥላል። ክምሩ በደንብ ሲሠራ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት ነው የአረሙን ዘርና የበሽታውን ተሕዋስ የሚገድለው። በየሳምንቱ ይገለብጡታል። በሦስተኛው ወር ገደማ ያለቀውን በወንፊት ያበጥሩታል። ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን አየሁት፤ የጠርሙስ ክዳን፣ የፌስታል ቅዳጅ፣ የጸጉር መቆንጠጫ፣ ብርጭቆ። ብርጭቆው የአንዱን ልጅ መዳፍ ቆርጦት ነበር፣ በጨርቅ ጠቅልሎታል። ጓንት አለው፤ ተቀዷል።

ያለቀውን ብስባሽ አንሥቼ አሸተትኩት። ዝናብ የመታው ጫካ ይሸታል። ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል። ከሽንኩርት ልጣጭ መምጣቱን ማመን ያቅታል።

ግን መጋዘናቸው ሞልቷል። አርባ ምናምን ጆንያ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ገበሬው ስለማያውቀው ያመነታል፣ ማጓጓዣውም ውድ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ በየከተማው በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ዛፍና ሣር ይተከላል፣ አደባባይ ይለማል። ያ ሁሉ አፈር ይፈልጋል። አስተዳደሩ "ለከተማው አረንጓዴ ቦታ የሚገዛው ብስባሽ መጀመሪያ ከከተማው አምራቾች ይሁን" ብሎ በግዥ መመሪያው አንድ መስመር ቢጨምር እነዚህ ስድስት ልጆች ሥራቸው ይቀጥላል። ድጎማ አይደለም፤ ለማንኛውም የሚወጣ ወጪ ነው። ከተማ ትልቁ ገዢ መሆኑን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።

ሲለዩኝ ሁለት ኪሎ በፌስታል ሊሰጡኝ አሉ፣ ከዚያ አንደኛው ደንገጥ ብሎ ጨርቅ ከረጢት ፈለገ። ብር አንቀበልም አሉኝ። ለጓንት ብዬ አስቀመጥኩላቸው።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ፦ ኮምቦልቻ

አክስቴ የጾም በሶና ቆሎ ቋጠረችልኝ፣ ተሰናበትኳት። ሦስቱ ባልዲዎች በረንዳው ላይ ናቸው፤ የአመዱ ሞልቷል።

ሐረጎን ቁልቁል ወረድን። በዚህኛው ጉዞ የጋለው ፍሬኑ ነበር፤ ሽታው ስለመጣ ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ቆመ። ኮምቦልቻ ስንገባ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሽሮ በላሁ፣ 130 ብር፤ እኛ ጋ ከ150 በታች አይገኝም።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ዱቄቱ፣ ብረታ ብረቱ። በሐምሌ 2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። በ2014ቱ ጦርነት ብዙው ተዘርፎና ወድሞ እንደገና የተነሣ ከተማ ነው፤ ሰዎቹ ስለዚያ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። አልገፋሁበትም።

የኔ ጥያቄ አንዱ ፋብሪካ የሚጥለውን ማን ያነሳዋል የሚል ነበር። መልሱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። የቢራ አተላ የጫነ ጋሪ አገኘሁ፤ ገና ይጨሳል፣ የብቅል ሽታው ያውዳል። ከብት የሚያደልቡ ሰዎች ይገዙታል። ከጠላ አተላ ጋር ያደገ ሰው ይህን ማስተማር አያስፈልገውም። ከዚያ አንድ ፍራሽ የሚሠራ ሰው ቤት ገባሁ። የልብስ ስፌት ቁርጥራጭ በጆንያ ይገዛል፣ ይበጣጥሰዋል፣ ፍራሹ ውስጥ ይሞላዋል። ችግሩ ቁርጥራጩ አንድ ሳምንት ይትረፈረፋል፣ ሦስት ሳምንት ይጠፋል። ማን መቼ እንደሚያወጣ አያውቅም፤ የሚያውቀው ደላላው ነው።

ዴንማርክ ውስጥ ካሉንድቦርግ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አለች። ከ1972 ጀምሮ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የነዳጅ ማጣሪያው ትርፍ ጋዝ ለጂፕሰም ሰሌዳ ፋብሪካው ሄደ። ኋላ የኃይል ማመንጫው እንፋሎት ለመድኃኒት ፋብሪካው ሄደ። ማዘጋጃ ቤቱም የዚያ ሽርክና አባል ነው። ዋናው ነገር ፋብሪካዎቹ ጎረቤት መሆናቸውና መተዋወቃቸው ነው። ኮምቦልቻ ጎረቤትነቱ አላት። ከተማው በዓመት ሁለት ጊዜ የፋብሪካ ኃላፊዎችንና እንደ ፍራሽ ሠሪው ያሉትን አንድ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ "ምን ትጥላላችሁ? ምን ትፈልጋላችሁ?" ብሎ ቢመዘግብ የሚወጣው ወጪ የሻይ ነው።

ግን ሁሉም ነገር መዞር የለበትም። ማምሻውን ወደ ቦርከና ዳር ወረድኩ። ወንዙ ከደሴ በኩል ወርዶ፣ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይሄዳል። ዳሩ ላይ ጎመንና ሽንኩርት በውሃው ይለማል። ወደ ቦርከና በሚገቡት ትንንሽ ወንዞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጡ ከባድ ብረቶች፣ ክሮሚየም ጭምር፣ አግኝተዋል። ክሮሚየም ቆዳ ማልፊያ ነው። በጎመኑ በኩል ተመልሶ ማዕድ ላይ ቢመጣ፣ እሱም ዑደት ነው፤ የመርዝ ዑደት። ስለዚህ የከተማው ሥራ የሚዞረውን ማዞር ብቻ አይደለም፤ እንዳይዞር የሚገባውን ከምንጩ መለየት፣ ፍሳሹ ከፋብሪካው አጥር ሳይወጣ እንዲጣራ ማስገደድ፣ ውሃውንም በየጊዜው መመርመር ነው። የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ ነው የተሠራው፤ በአገራችን ይቻላል ማለት ነው።

አንዲት እናት ከማሳዋ ጎመን ቆርጣ "ውሰጂ እንጂ" አለችኝ። ልጇ አጠገቧ ቁሞ ቅጠሉን ጥሬውን ያኝካል። ተቀበልኳት፣ አመሰገንኳት። ሌሊቱን አልጋ ክፍሌ ውስጥ፣ 700 ብር ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ያንን ልጅ እያሰብኩ ቶሎ አልተኛሁም።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ፦ አውሮፕላን ማረፊያው

ፍተሻው ላይ ሻንጣዬ ቆመ። ጥቁሩ ከረጢት ነው ያቆመው። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ፈታው፣ በጣቱ ቆነጠረ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

"አፈር ነው?"

"ብስባሽ ነው። ከሰኞ ገበያ ጥራጊ የተሠራ።"

አላመነኝም። ደገመና አሸተተው። አባቱ ወደ ሐይቅ በኩል ሽንኩርት እንደሚያለሙ፣ ዘንድሮ የማዳበሪያ ዋጋ እንዳስመረራቸው ነገረኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል፣ አንድ ሰውዬ አጉረመረሙ።

"የት ነው የሚሸጠው?" አለኝ።

በገራዶ በኩል፣ ኮረኮንቹ ከሚጀምርበት ግማሽ ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ፣ ስድስት ልጆች አሉ አልኩት። ስልኩን አወጣና ጻፈው።